የሮጡበት እግር፥ ያከሙበት እጅ



ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ በስተ ግራው የጮቄን ተራራ፥ በስተ ቀኙ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቈላ እየተመለከተ ይጓዛል። በዚያ መንገድ ጧት ጧት የሚታየው ነገር በአገራችን ደጋ ሁሉ የተለመደ ነው፤ ይኸውም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ነው። ርቀቱና የደወሉ ሰዓት ያስሮጡታል፤ እግሩም ሳያስበው ይጠነክራል። በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን አንደኛ በወጣ ጊዜ ግን በቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል። አባት «ሯጭ ይሁን፥ ስማችን በዓለም ይጠራ» ይላል፤ እናት «የለም፥ ተምሮ ሐኪም ይሁን፥ ወገኑን ያክም» ትላለች። ልጁም በሁለቱ መካከል ቆሞ፥ አንዱን ሲይዝ ሌላውን መጣል ግዴታ ይመስለዋል።

ይህ ክርክር በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ዐምዳችን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘው የተጓዙ ሰዎችን ታሪክ ለማቅረብ ወደድን። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም፥ ትምህርቱ ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ቤት የራቀ አይደለም።

አርተር ዊንት በግንቦት 17 ቀን 1912 ዓ.ም. በጃማይካ ደሴት፥ ማንቸስተር በሚባለው አውራጃ ተወለዱ። ቁመታቸው ረጅም፥ እርምጃቸውም ሰፊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ገብተው አብራሪ ሆኑ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ግን አየር ኃይሉን ትተው፥ በለንደን ከተማ በሐዋርያው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም በሚጠራው ጥንታዊ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት አልፎ ነበር። «ለትምህርት ዘግይቻለሁ» ብለው አልተቀመጡም፤ ሩጫውንም አልተዉም።

የኦሊምፒክ ጨዋታ በለንደን በተደረገ ጊዜ፥ ይኸው የሕክምና ተማሪ ሐምሌ 29 ቀን 1940 ዓ.ም. በ400 ሜትር ሩጫ በ46.2 ሰከንድ አሸነፉ። እንዲያሸንፍ ተስፋ የተጣለበት የአገራቸው ልጅ ኸርብ ማኬንሊ ነበር፤ ዊንት ግን በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ደርሰው ቀደሙት። ይህም ለጃማይካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። በ800 ሜትርም ሁለተኛ ወጡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሌላ ነገር ደረሰ። በአራት ሰዎች ቅብብል በሚሮጠው የ4 ጊዜ 400 ሜትር ውድድር ሲሮጡ የእግራቸው ጡንቻ ተጐዳና መፈጸም አቃታቸው። ሦስት ጓደኞቻቸው የደከሙበት ሁሉ በእርሳቸው እግር ምክንያት ከንቱ ቀረ። በዚያች ሰዓት የተሰማቸውን ኀዘን መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን አራት ዓመት በትዕግሥት ሠሩ። በሐምሌ ወር 1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ከተማ እነዚያው አራት ሰዎች፥ ዊንት፥ ሌስ ሌይንግ፥ ኸርብ ማኬንሊና ጆርጅ ሮደን፥ እንደ ገና ተሰለፉ። የአሜሪካን ጓድ በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ብቻ ቀድመው፥ በ3 ደቂቃ ከ3.9 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አቆሙ። ዊንት በዚያ ጊዜ የ32 ዓመት ሰው፥ ደግሞም ገና የሕክምና ተማሪ ነበሩ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዊንት ትምህርታቸውን ፈጽመው ሐኪም ሆኑ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በለንደን ተቀምጠው በወርቃቸው ስም መኖር ሲችሉ፥ ከጊዜ በኋላ ሃኖቨር ወደሚባለው የገጠር አውራጃ ሄደው ተቀመጡ፤ በዚያም አውራጃ ብቸኛው ሐኪም እርሳቸው ነበሩ። ለአንድ አውራጃ አንድ ሐኪም መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ የብቸናና የሞጣ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ምጥ የጠናባት ሴት የምትመጣው ወደ እርሱ ነው፤ ከዛፍ የወደቀ ሕፃንም፥ ወባ የጣለው ገበሬም የሚመጡት ወደ እርሱ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ጭብጨባ የለም፤ ሜዳሊያም የለም።

ኋላም ከ1974 እስከ 1978 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በለንደን የአገራቸው ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነው አገለገሉ። ከዚያ ሹመት ሲመለሱ ግን እንደ ገና ወደ ሐኪምነታቸው ሄደው፥ ሊንስቴድ በምትባል የገጠር ከተማ ሆስፒታል ሐኪም ሆነው ሠሩ። ጥቅምት 9 ቀን 1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ቫለሪ ዊንት የሕይወታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ስትጽፍ፥ ከሩጫው ሜዳ የሚረዝም ሌላ ሩጫ እንደ ነበራቸው የሚያመለክት ርእስ ሰጥታዋለች።

ሁለተኛው ሰው እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር ናቸው። በዘመናቸው አንድ ማይል፥ ማለት 1,609 ሜትር፥ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሮጥ ለሰው የማይቻል ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ባኒስተር በለንደን የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ተማሪ ስለ ነበሩ፥ ለልምምድ የነበራቸው ጊዜ የምሳ ሰዓት ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ጧት በሆስፒታሉ ሥራቸውን ሠሩ፤ የመሮጫ ጫማቸውን ሹል ብረቶች በዚያው በላቦራቶሪው መሳያ ሳሉ፤ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄዱ። ማታውን በክሪስ ብራሸርና በክሪስ ቻታዌይ ረዳትነት በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጡ። ስማቸውም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ገና የ25 ዓመት ጐልማሳ ሳሉ፥ ሩጫን ትተው ፊታቸውን ወደ ሕክምና መለሱ። የነርቭ ሐኪም ሆነው፥ ሰው ሳያዝዘው በራሱ የሚሠራውን፥ የልብን ትርታ፥ የደምን ግፊትና ላብን የሚገዛውን የነርቭ ክፍል ሲመረምሩ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ በዚህም ጉዳይ ሐኪሞች የሚማሩበትን መጽሐፍ አዘጋጁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያኮራቸው ሲጠየቁ፥ ከዚያች ከአራት ደቂቃ ባነሰች ሩጫ ይልቅ የሐኪምነት ዘመናቸውን ያስቀድሙ ነበር። በመጨረሻም ፓርኪንሰን በሚባለው የነርቭ ደዌ ተያዙ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌሎች ላይ ያከሙትን ዓይነት በሽታ በራሳቸው ሰውነት ተሸከሙ። የካቲት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ምን እንማራለን? አንደኛው ትምህርት የእግር ዘመን አጭር፥ የእጅና የአእምሮ ዘመን ግን ረጅም መሆኑ ነው። ለሯጭ 35 ዓመት የሽምግልና ደጃፍ ነው፤ ለሐኪም ግን ገና የጧት ፀሐይ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ ደብተሩን ጥሎ ሩጫን ብቻ ቢይዝ፥ አንድ ቀን ጅማቱ ቢጐዳ ምን ይቀርለታል? በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቃነቅ አብሮ ይወድቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ሩጫና ጥናት ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ሁለቱም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ስንፍናን አይወዱም። ይህን ለማወቅ ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በብቸና አጠገብ ያለችው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ስሟ የገነነው በሊቃውንቷ ነው። የቈሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ፥ በሌሊት ተነሥቶ እያጠና፥ ቅኔውን ዜማውን ዓመታት ፈጅቶ ሲማር የኖረበት አገር ነውና፥ ልጁን በትዕግሥት ማስተማር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ የክርስቲያንን ተጋድሎ በሯጭ መስሎ ማስተማሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚጠፋውን አክሊልና የማይጠፋውን አክሊልም ለይቶ አሳይቷል።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የዊንትና የባኒስተር መንገድ ከእኛ ልጆች መንገድ ጋራ እኩል አይደለም። እነርሱ ሆስፒታሉና የሩጫው ሜዳ አጠገብ ለአጠገብ በሆነበት ከተማ ተማሩ፤ የእኛ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ለመድረስ ብቻ ብዙ ይጓዛል፤ ከዚያም ሲመለስ ከብት ይጠብቃል፥ እንጨት ይለቅማል። ስለዚህ «እነርሱ እንዲህ አደረጉ፥ አንተ ለምን ታንሳለህ?» ብሎ ልጅን መገሠጽ ፍርድ ማጕደል ነው። ሸክሙን ከልጁ ትከሻ ላይ ጥቂት ማቅለል የወላጅ ፋንታ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ የአበበ ቢቂላ ታሪክ ደኅና አድርጎ ያስረዳል። አበበ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግራቸው ሮጠው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፉት ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በቶኪዮም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሁለተኛውን ወርቅ አገኙ፤ ለዚህ ውድድር ከመድረሳቸው ከአንድ ወር ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ቀድሞ ግን ትርፍ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነበር። ዓለም የአበበን እግር አደነቀ፤ ከዚያ እግር በስተ ኋላ የነበረውን የሐኪም እጅ ግን ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶባቸው እግራቸው በድን ሲሆን፥ ለሕክምና የተወሰዱት ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። በዚህ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም፥ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደኑ ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፥ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ 16 ሕሙማንን ሰብስበው በቀስት ውርወራ አወዳድረው ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ታላቅ ውድድር ከዚያ ተወለደ። አበበም ከአደጋው በኋላ በዚያ ስፍራ በተደረገ ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። የሕክምና ተማሪው ዊንት በለንደን ሜዳ ለወርቁ በሚሮጡበት ሰሞን፥ አንድ ሐኪም ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ገና ያልታወቀው የኢትዮጵያ ጀግና ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጽናናበትን ነገር ያዘጋጅ ነበር። የእግዚአብሔር ሥራ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገንን ሳናውቀው ያሰናዳል።

ስለ አበበ ባዶ እግር ከተነገረ ዘንድ፥ ስለ ራሳችን አገር ሰው ባዶ እግር ደግሞ ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት ብዙ ቤቶችን አሳዝኗል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተቀምጠው እንደ መረመሩትና ከእርሳቸው በኋላም እንደ ተረጋገጠው፥ በደጋው የሚታየው ይህ በሽታ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቈዳ በኩል ገብቶ በውስጥ ያለውን የፈሳሽ መተላለፊያ ያስቈጣል፤ እግሩም ያብጣል። ስለዚህ እርግማን አይደለም፥ የቡዳ ሥራም አይደለም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን ባለማወቅ ግን ስንት ሰው ከማኅበር ተገለለ፤ ስንት ልጃገረድ ሳታገባ ቀረች፤ ስንት ምእመን ሰው እንዳያየው ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ!

መድኃኒቱ ለማመን የሚያስቸግር ያህል ቀላል ነው። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ደኅና አድርጎ ማድረቅ፥ ቈዳውን በቅባት ማለስለስ፥ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለል፥ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፥ ሁልጊዜም ጫማ ማድረግ ነው። ገና ያልታመመ ሰው ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ከበሽታው ይጠበቃል። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በጸሎተ ሐሙስ በየዓመቱ የምናስብ እኛ፥ ያበጠን እግር ለማጠብ የምንጸየፍ ከሆነ፥ ያን ሥርዓት በዓይናችን አይተነዋል እንጂ በልባችን አልተቀበልነውም።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ባዶ እግር ለአንዱ የዓለም ክብር ምክንያት ሆነ፤ ለብዙዎች ግን የዕድሜ ልክ ስቃይ ነው። በሩጫ የሚያሸንፍ አንድ ልጅ አገርን ያስደስታል፤ ተምሮ የተመለሰ አንድ ሐኪም ደግሞ የብዙ ገበሬ እግር እርሻው ላይ እንዲቆም ያደርጋል። ሁለቱም በአንድ ሰው ሲገኙ እንዴት ያለ በረከት ነው! በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወጣቶችን አሠልጥኖ ወደየገጠሩ ሲልክ የነበረው ይህንኑ አስቦ ነው። ያ ችግር ዛሬም ፈጽሞ አላለቀም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ሐኪምን ታከብራለች። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበረ። በኅዳር 22 ቀን የሚታሰቡት ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ሕሙማንን ያለ ዋጋ ሲያክሙ ኖረው በሰማዕትነት ዐረፉ። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውንም በቤታችሁ አንብቡት። ስለዚህ ጠበሉን መጠመቅና የሐኪሙን መድኃኒት መውሰድ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ሁለቱም ከአንድ ቸር አባት የተሰጡ ናቸውና።

ለወላጆች የምናቀርበው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ልጃችሁ ሲሮጥ «ጊዜህን አታጥፋ» ብላችሁ አትከልክሉት፤ ጤናማ ሰውነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገር ግን በሩጫው ምክንያት ከትምህርት ቤት እንዲቀር አትፍቀዱለት። አሠልጣኝ ነኝ፥ ወደ ከተማ ወስጄ ስም አወጣለታለሁ የሚል ሰው ቢመጣ፥ «ትምህርቱስ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ መልስ የሌለውን ሰው በልጃችሁ ዕድሜ አትመኑት። ማታ ለጥናት የሚሆን ብርሃንና ጸጥታ አዘጋጁለት። ለሴቶች ልጆቻችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፥ የኢትዮጵያ ሴት ልጅ እግር የት ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም ሁሉ አይቷል። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ በእኅት ጫንቃ ላይ ብቻ ወድቆ ወንድሟ ብቻ የሚያጠና ከሆነ፥ ከቤታችሁ ሊወጣ የሚችለውን ሐኪም በእጃችሁ አስቀራችሁት ማለት ነው።

ለወጣቶች ደግሞ የምንለው አንድ ነገር አለ። ዊንት በለንደን ጡንቻቸው ተጐድቶ በሜዳው ላይ በቆሙ ጊዜ ነገር ሁሉ ያለቀ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ የሚጠብቃቸው ደብተር ነበራቸው፥ ከደብተሩም በኋላ የሚጠብቃቸው ሕዝብ ነበረ። ከመሮጥ በቀር ሌላ የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ቢወድቅም ይነሣል። ወርቅ ብታገኙም እሰየው፥ ባታገኙም በእግራችሁ የተማራችሁትን ትዕግሥት ለእጃችሁ አስተምሩት። በብቸናም ሆነ በሞጣ ሆስፒታል ደጃፍ ለተቀመጠች እናት፥ በሩን ከፍቶ የሚገባው ሐኪም በስንት ሰከንድ ሮጦ እንደ ነበረ አያስጨንቃትም፤ መምጣቱ ብቻ ይበቃታል።

ልዑል እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ የሐኪሞቻችንን እጅ ይባርክልን፤ ለታመሙት ምሕረትን ይላክልን። አሜን።